ከመደበኛ በላይ፣ ከመደበኛ በታች

በጥቅምት ወር ስለ ሳይቤሪያ በረዶ እንቅልፍ የሚያጣ የራያ ቆቦ ሰው አለ ቢሉኝ፣ ድሮ ቢሆን ጨዋታ ያለቀበት ሰው የፈጠረው ወሬ ነው እል ነበር። አሁን ግን ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ቡናም ይጋብዘኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በምንሰበሰብባት ቡና ቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሜትሮሎጂ» ነው የምንለው። ሥራው መሀል ዋሽንግተን፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ የሌሊት ፓርኪንግ ጠባቂነት ነው። ከመሬት በታች ሦስተኛው ወለል ላይ፣ ሰማይ የሚባል ነገር በማይታይበት ቦታ ተቀምጦ ስለ ሰማይ ሲያስብ ያድራል።

ሳይቤሪያ ምን አገባው? ጁዳ ኮኸን የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለዓመታት ሲያስረዱት የኖሩት ሐሳብ አለ። በኦክቶበር የሳይቤሪያ ምድር ቶሎና በሰፊው በረዶ ከለበሰ፣ እዚያ የሚከማቸው ቀዝቃዛ አየር ውሎ አድሮ ከሰሜን ዋልታ በላይ የሚሽከረከረውን የነፋስ አዙሪት ሊያናጋው ይችላል። አዙሪቱ ሲናጋ፣ ታጉሮ የከረመው ብርድ ወደ ደቡብ ያመልጣል፤ ካመለጠውም ጥቂቱ ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ እኛ ደጃፍ ይደርሳል። ሐሳቡን ሁሉም የሙያ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም። ሜትሮሎጂ ተቀብሏል። ከጥቅምት መባቻ ጀምሮ የሩሲያን ካርታ በስልኩ ይዞ ይዞራል፤ «ዛሬ ያኩትስክን አልፏል» ይለናል፣ ዘመድ በመንገድ ላይ ያለ ይመስል።

የእሱ ቢጤ እዚህ አገር ብዙ ነው፤ ፈረንጁ ደግሞ ይብሳል። ይህን ሁሉ ሰው የፈጠረችው ዋሽንግተን ራሷ ናት ባይ ነኝ። ቦስተን ቢሆን ሰዉ በረዶ ጠግቦ ይተወው ነበር፤ ማያሚ ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። ዋሽንግተን መሀል ላይ ናት። በብሔራዊው አውሮፕላን ማረፊያ በሚደረገው ልኬት የከተማዋ የዓመት አማካይ 13.7 ኢንች ነው፤ ግን አማካዩን አግኝታ የምታድር ዓመት ብርቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009/10 ክረምት 56.1 ኢንች ወረደባት። በ2022/23 ደግሞ ክረምቱ ሙሉ 0.4 ኢንች ብቻ፤ የጤፍ ፍሬ ውፍረት እንኳ አይሞላም ብሎ ያማረረው ሜትሮሎጂ ነው፣ እኔ አይደለሁም። አንድ ዓመት አጥግቦ ሌላ ዓመት ጾም የሚያሳድር ነገር ሰውን ተንባይ ያደርገዋል።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ የመንግሥቱ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የመጪዎቹን ሦስት የክረምት ወራት አዝማሚያ ያወጣል። ካርታው ቀይ አለው፣ ሰማያዊ አለው፤ የእኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ ነጩ ላይ ይውላል። ነጩ «እኩል ዕድል» ማለት ነው፦ ከመደበኛ በላይም፣ መደበኛም፣ ከመደበኛ በታችም ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አሉ ከእኛ ሁሉ በዕድሜም በታክሲ መንዳትም የሚበልጡት ጋሼ። «ይህንን ልስማ ብዬ ነው ግብር የምከፍለው?»

እኔ ግን አነጋገሩን ሰምቼ ናፍቆት ያዘኝ። የክረምቱን ትንበያ በሬዲዮ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ቋንቋ እናት ቋንቋ ነው፤ «በአመዛኙ መደበኛና ወደ መደበኛ የተጠጋ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች ከመደበኛ በታች» የሚለውን ዜማ ስንቶቻችን በቃላችን እናውቀዋለን! ለካ አሠራሩም አንድ ነው። የአዲስ አበባዎቹም የዋሽንግተኖቹም ያለፉትን ዓመታት በሦስት ክፍል ያስቀምጡና መጪው ወቅት ወደ የትኛው እንደሚያደላ በመቶኛ ይናገራሉ። ስለ በረዶ መጠን ግን የኦክቶበሩ ካርታ ምንም አይልም። ስለ ሙቀትና ስለ ርጥበት ብቻ ነው የሚያወራው፤ በረዶውን የሚጨምሩበት አንባቢዎቹ ናቸው።

መንግሥት ያልሰጠውን የሚሰጥ አይጠፋም። ከ1792 ጀምሮ በየዓመቱ የሚታተም የገበሬ አልማናክ አለ፤ መሥራቹ ሮበርት ቶማስ የቀመረው የትንበያ ምስጢር ኒው ሃምፕሸር ውስጥ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ፣ በጥቁር ቆርቆሮ ሣጥን ተቆልፎ ይኖራል ይባላል። አዘጋጆቹ ከመቶ 80 እናገኛለን ይላሉ። በብራና የተጻፈ፣ የተሸፈነ፣ ለማንም የማይገለጥ መጽሐፍ ያለው ደብተራ ባየንበት አገር ላደግን፣ ሣጥኗ ብዙም አልገረመችንም። ከዚያ ጸጉራም አባጨጓሬ አለ፤ መሀሉ ላይ ያለው ቡናማ ቀለበት ከሰፋ ክረምቱ ለስላሳ ነው ይላሉ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን ደግሞ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባለ ሲሊንደር ባርኔጣ ሽማግሌዎች አንዲት ፍልፈል መሰል እንስሳ ከጉድጓድ አውጥተው ጥላዋን አየች አላየች እያሉ ለአገር ያውጃሉ፤ ይህን ማድረግ የጀመሩት በ1887 ነው። ሳንቲም ወርውሮ መተንበይ ይሻላል። እነዚህ ሰዎች የእኛን አውደ ነገሥት አይተው «ኋላ ቀር» እንዳይሉን እንጂ፣ በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሜትሮሎጂ በእንስሳ አያምንም። የሚያምነው በሞዴል ነው። ሞዴል ማለት የዓለምን አየር በሙሉ በትንንሽ ሣጥን ከፋፍሎ፣ ነገ ምን ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ምን ይሆናል እያለ የሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ይባላል፤ በቀን አራት ጊዜ እየተነሳ 16 ቀን ወደፊት ይመለከታል። የአውሮፓው ማዕከል እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ነው፤ እሱ በ15 ቀን ይረካል። የአሜሪካው የሌሊት ውጤት በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ተኩል ገደማ መውጣት ሲጀምር፣ የአውሮፓው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያስመሻል። የፓርኪንግ ሌሊት ሥራ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ነው።

ደጋፊው በሁለት ተከፍሎ የሚሰዳደበው ልክ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ነው። የአውሮፓው ወገን የ2012ቱን ሳንዲ ያነሳል፤ ያቺ አውሎ ነፋስ ወደ ምድር እንደምትታጠፍ የአውሮፓው ሳምንት ያህል ቀድሞ ሲያሳይ፣ የአሜሪካው ወደ ባሕር ሸኝቷት ነበር። የአሜሪካው ወገን የጃንዋሪ 2015ን ኒው ዮርክ ይመዛል። ያኔ የአውሮፓውን ካርታ ያመኑት ከሁለት ጫማ በላይ ይወርዳል ብለው፣ ለበረዶ ተብሎ ተዘግቶ የማያውቀው የኒው ዮርክ የምድር ባቡር ተዘጋ፤ ሴንትራል ፓርክ ላይ የተለካው ግን 10 ኢንች እንኳ አልሞላም። ከመንግሥት ትንበያ ኃላፊዎች አንዱ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። «ይቅርታ የሚጠይቅ ባለሥልጣን መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው» ይላሉ ጋሼ፤ ትዝታቸው ከብዙ መንግሥት የተሰበሰበ ነው።

አስቸጋሪው አሥረኛው ቀን ነው። ሜትሮሎጂ ስልኩን ወደ እኔ ያዞረዋል። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ በስተግራ ቨርጂኒያ፣ በስተቀኝ ሜሪላንድ፤ በሁለቱ ላይ ሐምራዊ ቀለም ተደፍቷል። «ይቺን አያት? ሃያ አራት ኢንች!» ይላል። ቀኑን አያለሁ፤ የዛሬ 10 ቀን ይላል። ከስድስት ሰዓት በኋላ አዲስ ስሌት ይወጣል፤ ሐምራዊው ሰሜን ካሮላይና ሄዷል። ከሌላ ስድስት ሰዓት በኋላ ውቅያኖስ ላይ ነው፤ ዓሣ ላይ ይዘንባል። ማታ ተመልሶ ይመጣል። ሜትሮሎጂ በነዚህ 24 ሰዓታት ውስጥ ደስ ብሎት፣ አዝኖ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ እንደገና ተጽናንቷል፤ ከሰማይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

ለዚህ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም የተገኘው ቡና ሊጠጡ በሄዱ ሰው ነው። በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ ኤምአይቲ ውስጥ በኮምፒዩተራቸው የአየር ስሌት ሲሠሩ፣ አንዱን ስሌት ለመድገም ፈልገው ከመካከል ጀመሩት። ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር 0.506127 ነበር፤ እሳቸው ከወረቀቱ ላይ 0.506 ብለው አስገቡና ወደ ቡናቸው ሄዱ። ሲመለሱ ሁለቱ ስሌቶች በምንም አይገናኙም። ከሺህ አንድ እንኳ የማትሞላ ልዩነት ውሎ አድሮ ሌላ ዓለም ፈጥራለች። ከዚያ ወዲህ የመስኩ ሰዎች ያወቁት ነገር፣ የዕለት ዕለት የአየር ሁኔታን ከሁለት ሳምንት ገደማ አሳልፎ መናገር የማይቻል መሆኑን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ። ይህን ለሜትሮሎጂ ነግሬው ነበር። «ሁለት ሳምንት አይደል? እኔ ያሳየሁህ እኮ የዛሬ አሥር ቀን ነው» አለኝ።

ሌላው ጣጣ ቁጥር 95 አውራ ጎዳና ነው። መንገዱ የተሠራው ደጋው ከባሕር ዳርቻው ሜዳ ጋር በሚገናኝበት መስመር አቅራቢያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝናብና በረዶ የሚለያዩትም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንድ ማዕበል ጀርመንታውን ያለው ሐበሻ አካፋ ሲያነሳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቅልቅል ሲወርድበት ያድራል፤ አሌክሳንድሪያ ያለው ደግሞ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ክርክሩ የሚከርረው ሁሉም ከየመስኮቱ ስለሚመሰክር ነው። «እኛ ጋ እኮ ምንም የለም» የሚል ሰው ከቡና ቤቱ ጋር ሳይሆን ከተፈጥሮ ጋር ነው የሚጣላው። የሙቀት ልዩነቱ አንዳንዴ አንድ ዲግሪ ነው፤ በዚያች አንዲት ዲግሪ ስንት ወዳጅነት ተፈትኗል።

በረዶ ማን ይፈልጋል? ልጆች ሁሉ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ደመወዙ አይቆረጥበትምና። የኡበር ሾፌሩ እንደ ጎማው ሁኔታ። ነርሷና የሆቴል ሠራተኛዋ አይፈልጉም፤ እነሱ «አስፈላጊ ሠራተኛ» ተብለው ሥራ ቦታ የሚያድሩ ናቸው። ሜትሮሎጂ ከሁሉ የሚከፋ ቦታ ላይ ነው፤ ከተማው ሲዘጋ ፓርኪንጉ ይዘጋል፣ ፓርኪንጉ ሲዘጋ ሰዓት አይቆጠርለትም። በየኢንቹ ኪሱ እየሳሳ ነው የሚደሰተው። ሚስቱ ይህን አስልታ ነግራዋለች፤ ስሌቷ ከጂኤፍኤስ ይሻላል።

ከትንበያው በእርግጥ የሚጠቀመው የሐበሻ ሱቅ ነው። ፈረንጁ በረዶ ሊወርድ ነው ሲሉት ወተት፣ ዳቦና የሽንት ቤት ወረቀት ለማንሳት ይሮጣል፤ የእኛ ሰው እንጀራ ነው የሚያነሳው። ወረፋው እስከ በር ይደርሳል፤ የሚጥሚጣው መደርደሪያ ሥር ጋሪ ከጋሪ ይጋጫል፤ ባለሱቋ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና «ለአንድ ሰው ሁለት ፓኬት ብቻ!» ትላለች፤ ሦስተኛውን ደግሞ ለምታውቀው ከሥር ታወጣለች። እሷ ታዲያ ዋናውን ትንበያ የምትጠይቀው ቴሌቪዥኑን አይደለም። ለሜትሮሎጂ ትደውላለች፦ «አንተ ልጅ፣ ስንት ልዘዝ?» በመካከላቸው ሚዛን አላቸው፤ ከሦስት ኢንች በታች የተለመደው፣ ከስድስት በላይ እጥፍ።

ይህ ሚዛን አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ አጋድሏል፤ ማርች 6 ቀን 2013። የበጀት ቅነሳው በጀመረበት ሳምንት ስለነበር ጋዜጠኞቹ ማዕበሉን ከቅነሳው ስም ጋር አዳቅለው «ስኖውክዌስተር» አሉት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገና ጠብ ሳይል ተዘጉ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እንጀራው በእጥፍ ታዘዘ። በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው አንድ ኢንች እንኳ አልሞላም፤ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ዝናብ ዘነበ። ዐቢይ ጾም ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። የተረፈው እንጀራ ፀሐይ አይቶ ድርቆሽ ሆነ፤ ጾሙን ሙሉ ሲሸጥ ከረመ። ባለሱቋ ሜትሮሎጂን ያልተወችው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከድርቆሹ ያገኘችው ሳይሻል አልቀረም።

ጋሼ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ የ1979ኙን ያመጣሉ። ያኔ ትንሽ ይጥላል ተብሎ ሰዉ ተኛ፤ ሲነጋ በአውሮፕላን ማረፊያው 18.7 ኢንች ተቆለለ። ለተቃውሞ ትራክተር ይዘው ዋሽንግተን የገቡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፖሊስ መሀል ከተማው ሜዳ ላይ ከቧቸው ሰንብቷል። በረዶው ሲወርድ ከተማዋን ከበረዶ ያወጧት እነዚያው ትራክተሮች ናቸው፤ ሐኪምና ነርስ ሲያመላልሱ ዋሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ከሀብታም ጋር አብሬ በትራክተር ሄድኩ» ይላሉ። ወጣቱ ካልተደመመ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደው አዳምስ ሞርጋንን ይጠቅሳሉ፤ በሰማንያዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሞሉበትን 18ኛውን ጎዳና። እዚያ፣ ከኮሎምቢያ ሮድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ኒከርቦከር የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1922 ሰዉ ኮሜዲ ፊልም ሊያይ ተሰብስቦ ሳለ ጣሪያው 28 ኢንች በረዶ መሸከም አቅቶት ተደረመሰ፤ 98 ሰዎች ሞቱ። ያ 28 ኢንች እስከ ዛሬ የከተማዋ ክብረ ወሰን ነው። ሜትሮሎጂ ይህ ታሪክ ሲነሳ ዝም ይላል፤ ከዚያ ሐምራዊውን ካርታ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኪሱ ይከተዋል።

የእሱ የክብር ዓመት 2016 ነው። ጃንዋሪ 20፣ በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ዕለት ማታ፣ አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ወረደ። መንገዱ ጨው አልተረጨበትም ነበር፤ ከተማዋ እንዳለች ቆመች። የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ እንኳ ከአንድሩስ ጦር ሰፈር ዋይት ሐውስ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተንፏቀቀ። ከንቲባዋ በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ የጋሼ ቆጠራ ሁለት ደረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን እውነተኛው መጣ፤ ሞዴሎቹ ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ተስማምተው ያመለከቱት፣ ሜትሮሎጂም በተራው የነገረን። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 29.3 ኢንች፤ የምድር ባቡሩ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ተዘጋ። ብሔራዊው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግን 17.8 ብቻ ተመዘገበ፤ በኋላ ሲጣራ ለካስ ለኪዎቹ መለኪያ ሰሌዳው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ጠፍቶባቸዋል። በረዶ አፍቃሪው ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። ጠፋ የተባለውን ኢንች እንደ ወራሽ ይከራከርበታል።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር አለኝ። አዱሊስ ወደብ ላይ የቆመ ስሙ ያልተረፈ ንጉሥ ጽሑፍ ነበር፤ ኮስማስ የሚባለው ተጓዥ በስድስተኛው መቶ ዓመት ገልብጦት ነው የደረሰን። ንጉሡ የስሜንን ሰዎች መውጋቱን ሲተርክ፣ ተራራው በረዶ የለበሰ መሆኑንና ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት መሆኑን ይናገራል። እስከ ጉልበት! ሰሌዳ አላስፈለገው፣ ሰሌዳውም አልጠፋበትም። የበረዶን ጥልቀት መዝግቦ ያቆየ ሰው ከእኛ በኩል አለ ብዬ ስነግረው ሜትሮሎጂ የመጀመሪያ ጥያቄው «የማን ጉልበት?» የሚል ነበር።

ጉልበት ካነሳሁ ላይቀር፣ ከደብረ ብርሃን የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡ አንዲት እናት ያደረሱብንን ላውጋ። በልጆቹ ዘንድ በረዶ እንዲወርድና ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የሚደረግ ሥርዓት አለ፦ ፒጃማ ገልብጦ መልበስ፣ የበረዶ ኩብ ሽንት ቤት ውስጥ መልቀቅ፣ ትራስ ሥር ማንኪያ ማስቀመጥ። የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በ2025 የገና ዋዜማ ሰኞ ጃንዋሪ 6 ላይ ዋለ፤ በረዶ ይጥላል የተባለውም ለዚያው ቀን ነው። እሑድ ማታ አያትየው አልጋ ሲያነጥፉ ከልጁ ትራስ ሥር ማንኪያ አገኙ። ቀጥሎ ልጁ ፒጃማውን ገልብጦ መጣ። ሴትዮዋ ቃል አልተነፈሱም፤ ጠበሉን አምጥተው ማንኪያውንም፣ ትራሱንም፣ ልጁንም ረጩ።

«አያዬ፣ ለስኖ ነው!» አለ ልጁ እየተንቀጠቀጠ።

«በረዶ በማንኪያ ይመጣል? ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሲጠብሰን ማን ማንኪያ ቀበረ?» አሉ። ከዚያ ጉልበታቸውን አሹ፣ ዘመኑ የማን እንደሆነ ጠየቁ፣ ማቴዎስ ነው ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይወርዳል» አሉ። «ጉልበቴ ነግሮኛል።»

ወረደ። ስድስት ኢንች ገደማ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘጉ። ማታ ለማኅሌት የወጣው ምዕመን ነጠላውን በወፍራም ጃኬት ላይ አጣፍቶ፣ ቡት ጫማ አድርጎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እየተያያዘ ሲወጣ ከዘማሪው ይልቅ አካፋ የያዘው ዲያቆን ነበር ሥራ የበዛበት። ሜትሮሎጂ እስከ ዛሬ አያትየውን ሲያነሳ ቅር ይለዋል። እሱ ለዚያች ስድስት ኢንች ሳምንት ሙሉ ሌሊት አልተኛም፤ ጉልበት ቀደመው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። የማያስቀውም አለ።

የዋሽንግተን በረዶ አፍቃሪ ሁሉ ከበጋ ጀምሮ የሚጸልየው ለኤልኒኖ ነው። ሰላማዊ ውቅያኖስ በምድር ወገብ ዙሪያ ከወትሮው ሲሞቅ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ጠርዝ የሚያልፈው የማዕበል መንገድ ይጠነክራል፤ ያ ርጥበት ከሰሜን የመጣ ብርድ ካገኘ በእኛ ላይ ትልቅ በረዶ ይሆናል። 2009/10ም፣ 2015/16ም የኤልኒኖ ክረምቶች ነበሩ። ያው የውቅያኖስ ሙቀት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የኢትዮጵያን ዝናብ ይነሳል። በ2015 የበጋው ካርታ ላይ ቀዩ ሲደምቅ ሜትሮሎጂ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ነሐሴ ላይ እኅቱ ከቆቦ ደወለች፤ ዝናቡ ጀመር አድርጎ ጠፋ፣ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ አለችው። ምክንያቱን በሬዲዮ ሰምታለች፤ «ኤልኒኖ የሚሉት ነው አሉ፤ አንተ ታውቀዋለህ?» ብላ ጠየቀችው። ዓመቱ ሳያልቅ የዕርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ታወጀ። ሜትሮሎጂ በዚያ ክረምት በእጥፍ ሺፍት ሠርቶ ገንዘብ ላከ፤ ያ የሚኮራበት የጃንዋሪ ማዕበል ሲወርድም ፓርኪንጉ ለቀናት ተዘጋና የሚልከው ጎደለበት።

ከዚያ ወዲህ ለኤልኒኖ አይጸልይም። ላኒና ትሁን እንዳይል ደግሞ እሷ የጥቅምቱን ዝናብ ከቦረናና ከሶማሌ ትወስዳለች፤ ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ ስትመጣ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ አይቷል። ስለዚህ «ገለልተኛ» ዓመት ይሁን ይላል። ከገለልተኛ ውቅያኖስ በረዶ የሚጠብቅ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። በ2023/24 ብርቱ ኤልኒኖ ሲመጣ ፈረንጆቹ ወዳጆቹ ጮቤ ረገጡ፤ ክረምቱ አልቆ የተለካው 8 ኢንች ነው። እሱ አልረገጠም፤ «ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው» ብሎ ብቻ ነው ያለፈው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለሦስት ቀን የተነገረን አምናለሁ፤ ለአምስት ቀን የተነገረን እሰማለሁ፤ በኦክቶበር ለፌብሩዋሪ የተነገረውን ከቡና ጋር እጠጣዋለሁ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዘንድሮም ሐምራዊ ካርታ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ከሳምንት በላይ ከራቀ ለእኔ አትላኩልኝ፤ ሜትሮሎጂ ልኮልኛል። ከሦስት ቀን በታች ከሆነ ግን ሱቁ ጋ ስትደርሱ ከሁለቱ ፓኬት እንጀራ አንዱን ለእኔ ያዙልኝ፤ ጋሼ ከተሰለፉ ደግሞ ወንበር ስጧቸው።